አመዱን አትንኩ

አክስቴ የምትጸየፋቸው ነገሮች ተቆጥረው አያልቁም። እርጥብ ፎጣ አልጋ ላይ የሚጥል ሰው፣ ሲያወራ ምራቁ የሚረጭ ሰው፣ አፉን ከፍቶ የሚያላምጥ ሰው፣ ሁሉም ያንገሸግሿታል። ከሁሉ የከፋው ግን ወይን በጣቱ የሚነካ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወይን ማሸጊያ ቤት ስትሠራ አንዲት ፍሬ በጣቷ ነክታ አታውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘለላውን የምትይዘው ከላይ ባለችው ቀጭን ጭራ ብቻ ነው። የተበላሸችውን ፍሬ በመቀሷ ጫፍ ቆርጣ ትጥላለች፣ ዘለላውን አዙራ ታያለች፣ ከዚያ ሣጥን ውስጥ ታስተኛዋለች። ለሌላ ሰው እጅ በእጅ አትሰጥም። ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥና «አሁን አንሺው» ትላለች። ጭራዋ ለሁለት ሰው አትበቃም፣ የሁለተኛው ሰው ጣት የግድ ፍሬው ላይ ያርፋል ባይ ናት። ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ አትንኩ» ይላታል፣ ፊት ለፊቷ ሳይቀር።

መጸየፉ ለእኔም ተርፏል። የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ይህን የምጽፈው አፍንጫዬን ይዤ ነው። ብዙ የሚያስጠላ ነገር አለበት፣ ከሁሉ የሚያስጠላው ማን እንደሆነ ግን ስትደርሱበት ትፈርዳላችሁ።

ማሸጊያ ቤቱ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በአንዱ ጫፍ ከእርሻው የመጣው ወይን ይራገፋል፣ በሌላው ጫፍ ቀዝቃዛው ክፍል አለ፣ መሐል ላይ ጠረጴዛዎቻችን ተደርድረዋል። እያንዳንዷ አሻጊ ቁጥር አላት፤ በሞላችው ሣጥን ውስጥ ቁጥሯ የተጻፈበት ወረቀት ትከታለች። አክስቴ ሰባት ቁጥር ናት፣ መስኮቱ ሥር። እኔ ሠላሳ ሁለት ነበርኩ፣ ሽንት ቤቱ በር አጠገብ። ከጠዋት እስከ ማታ ምን እየሸተተኝ እንደምሠራ መናገር አያስፈልገኝም።

የምናሽገው ሦስት ዓይነት ወይን ነበር። ወረቀት ላይ ምላስ የሚያስሩ የውጭ ስሞች አሏቸው፤ እኛ ግን አመዴ፣ ቀዮና ብርጭቆ እንላቸዋለን።

ወይን ስትገዙ ፍሬው ላይ ነጣ ያለ፣ አመድ የመሰለ ነገር ሳታዩ አልቀራችሁም። አቧራ ነው የሚል አለ፣ የተረጨ መድኃኒት ነው የሚል አለ፣ አንሥቶ በሸሚዙ የሚወለውልም አለ። አቧራም መድኃኒትም አይደለም። ፍሬው ራሱ ከልጣጩ ላይ የሚያወጣው ሰም ነው። የውስጡን ውሃ ይይዛል፣ ከውጭ የመጣውን እርጥበት ያንሸራትታል፣ ሻጋታ እንዳይገባ ይከላከላል። እኛ አመዱ ነው የምንለው።

አመዱ ታዲያ በሁሉም ላይ አንድ አይደለም። አመዴ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ናት። ልጣጯ ወፍራም፣ አመዷ ድርብርብ ነው፤ ፍሬዎቿም ተራርቀው ስለሚንጠለጠሉ እርስ በርስ አይፋተጉም። ብርጭቆ ነጣ ያለች አረንጓዴ ናት። ልጣጯ ከመሳሳቱ የተነሳ ፀሐይ ላይ ሲያዩአት ዘሯ ይቆጠራል። አመዷ አለ ለማለት ያህል ነው። ይባስ ብሎ ፍሬዎቿ በሥራ መውጫ ሰዓት ታክሲ ውስጥ እንደተጫነ ሰው ተጣብቀው ያድጋሉ፤ በተጫጫኑበት ቦታ ላይ ደግሞ አመድ የሚባል ነገር የለም። ስትበሰብስም የምትጀምረው ከዚያች ቦታ ነው። ቀዮ መሐል ሰፋሪ ናት፣ ስለ እሷ ብዙ የሚባል የለም።

አክስቴ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘችውም። ሥራ በጀመርኩ ቀን ከሦስቱም አንዳንድ ፍሬ አስቀመጠችና በስትሮ አንዳንድ ጠብታ ውሃ ጣለችባቸው። አመዴ ላይ ጠብታዋ ክብ ሆና ቆመች፤ ጠረጴዛውን ነቅነቅ ስናደርገው ተንከባላ ወረደች። ቀዮ ላይ ትንሽ ሰፋ ብላ ተቀመጠች። ብርጭቆ ላይ ደከም ብላ ተዘረጋች፣ ቢሆንም አልፈሰሰችም። ከዚያ ብርጭቆን በጨርቅ እንድጠርጋት አዘዘችኝ፤ ራሷማ አትነካም። ከጠረግኩ በኋላ የጣለችው ጠብታ ልጣጩ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

«ከተቆረጠች በኋላ ተመልሶ አይወጣላትም» አለችኝ። «አንዴ ነው የሚሰጣት።»

ለዚህ ነው ብርጭቆን ከሰባት ቁጥር በቀር ማንም የማያሽገው። አሥር ቀን መንገድ ሄዳ ሳትበላሽ የምትገባውም ለዚህ ነው።

በአምናው የለቀማ ወቅት አዲስ የማሸጊያ ቤት ኃላፊ መጣልን። በሳምንቱ «ሊስትሮ» የሚል ስም ወጣለት። ጫማው ያበራል፣ ፀጉሩ ያበራል፣ የጠረጴዛው መስታወት ያበራል። እሱ ካለፈ በኋላ ሽቶው ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ከሽንት ቤቱ ሽታ ጋር ሲቀላቀል የሚሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። ይህ ሰው ገዢ የሚወደው የሚያብረቀርቅ ወይን ነው፣ እንዲህ አመዳም ሆኖ ሲታይ የቆየ ይመስላል አለ። አባባሉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንድ ዘለላ አመዴ ወሰደ፣ ፍሬ በፍሬ ወለወለ፣ ቢሮው ውስጥ ሳህን ላይ አስቀመጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁላችንንም ሰብስቦ አሳየን። ዘለላው ትንሽ ጠውልጎ ነበር እንጂ አልበሰበሰም፣ እንደ ጫማውም ያበራል። ከነገ ጀምሮ ሁሉም ዓይነት ተወልውሎ ይታሸጋል፣ ለስላሳ ጨርቅ ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ አለን። ጨርቅ እንኳ ከራሱ አላወጣም።

አክስቴ ከመስኮቷ ሥር ሳትነሳ መለሰችለት።

«ያ አመዴ ነው። ብርጭቆን እንደዚያ አድርገው ይሞክሯትና አምስት ቀን ብትቆይልዎት እኔ ከዚህ ልሂድ።»

«እትዬ» አላት ፈገግ ብሎ፣ «ወይን ወይን ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ የሚያስቅ ነገር ኖሮ ሳይሆን አለቃ ሲቀልድ ስለሚሳቅ ነው። አክስቴ የሌሎቹ እንደፈለጉ ይሁኑ፣ የሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ግን አይወለውልም አለች። ጡረታ ልትወጣ የቀራት ሦስት ወር ነበር፤ የእርሻውና የማሸጊያ ቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴትዮም በደንብ ታውቃታለች። ሊስትሮ ሊያስወጣት አልቻለም። ፈገግ እንዳለ ሄደ፣ ያ ፈገግታው እስከ ዛሬ ይቀፈኛል።

ውልወላው ተጀመረ። ጨርቆቹ ጠዋት ንጹህ ናቸው። ረፋድ ላይ ፈንድቶ በፈሰሰ ጭማቂ ይርሳሉ፣ እኩለ ቀን ሲሆን ይዝለገለጋሉ፣ ትንንሾቹ ዝንቦች ይሰፍሩባቸዋል። በዚያው ጨርቅ ቀጣዩን ዘለላ እንወለውላለን፣ ከቀጣዩ ቀጥሎ ያለውንም። አንዷ አሻጊ አልለቅ ያላትን እድፍ ምራቋን እንትፍ ብላ ስታጠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ከዚያ ሁሉ የወጣው ወይን ታዲያ ከላይ ሲያዩት የሚያምር ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

በአምስተኛው ቀን ሊስትሮ ቢሮው አስጠራኝ። ጊዜያዊ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ለቀማው ሲያልቅ የምሰናበት። ቋሚ ሊያደርገኝ እንዳሰበ ነገረኝ። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነበር፦ አክስቴ ምሳ ስትወጣ ቀዝቃዛው ክፍል ገብቼ የሰባት ቁጥርን ሣጥኖች እንድወለውል። ለእሷ መንገር አያስፈልግም፣ አሮጊት ናት፣ ለምን እናበሳጫታለን አለኝ። አላቅማማሁም ብል ውሸት ነው። አሥር ደቂቃ ያህል አቅማምቻለሁ።

አክስቴ የሰው አላማመጥ ስለሚያንገሸግሻት ምሳዋን ብቻዋን ከግቢው ውጭ ግንብ ላይ ተቀምጣ ነው የምትበላው። ሦስት ቀን በተከታታይ፣ እሷ ግንቡ ላይ ሆና፣ እኔ ሣጥኖቿን ከፈትኩ፣ ወለወልኩ፣ ከደንኩ። ቁጥሯ የተጻፈበትን ወረቀት አንሥቼ መልሼ በቦታው አኖርኩ። ጨርቁን የቆረጥኩት ቤት ካለው አሮጌ ቢጫ ብርድ ልብስ ነው። ወደ እሷ ቤት በመጣሁ ዘመን ሁለታችንም ለብሰነው የምንተኛው ብርድ ልብስ ነበር። ከመታጠቡ ብዛት ጸጉሩ ይረግፋል፤ እንደሚረግፍም አውቅ ነበር።

ጭነቱ ሄደ። አመዴ ደህና ገባች። ቀዮ ትንሽ ጠውልጋ ገባች፣ ገዢው አጉረምርሞ ተቀበላት። ብርጭቆ ግን አንድም ሣጥን ሳይቀር ተመለሰች።

የመኪናው በር ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ሽታው ነው። የኮመጠጠ፣ የሞቀ፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ ሽታ። ቀጥሎ ዝንቡ ወጣ። ከሣጥኖቹ ሥር ቡናማ ፈሳሽ እየተንጠባጠበ በመኪናው ደጃፍ ይወርዳል። ክዳኑን ሲያነሱት ዘለላ የሚባል ነገር የለም፤ ግራጫ ፀጉር ያበቀለ አንድ ዝልግልግ ጉብታ ሆኗል። ሣጥን ካወረዱት ወንዶች አንዱ እጁ እስከ ክርኑ ገባበትና ዞር ብሎ አስመለሰ። እኔ አላስመለስኩም።

የእርሻው ባለቤት መጣች፣ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ ይዛ። ሊስትሮ ሁላችንንም ግቢው ውስጥ አሰለፈን። ከአንዱ ሣጥን ውስጥ የራሰውን ወረቀት በሁለት ጣቱ አውጥቶ አሳየ፤ ሰባት ይላል።

«ሁሉም ጠረጴዛ ወልውሏል፣ የሁሉም ደህና ገብቷል» አላት። «አልወለውልም ያለችው አንዲት ሰው ናት። የበሰበሰውም የእሷ ብቻ ነው።»

ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ብርጭቆን የምታሽገው እሷ ብቻ መሆኗን፣ ሣጥኖቿም መወልወላቸውን ሳይጨምር የተናገረው ነው። መወልወላቸውን የሚያውቁት ግቢው ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እሱና እኔ።

አክስቴ ወደ ሣጥኑ ሄደች። እጅጌዋን ሰበሰበች። ሠላሳ አንድ ዓመት ደህናውን ፍሬ እንኳ ያልነካው እጇ፣ ሁላችንም እያየን፣ ያ ዝልግልግ ውስጥ ገባ። ፈለገች። አንድ ነገር ይዛ አወጣች፣ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል አሸት አሸት አደረገችው። ቢጫ ጸጉር ነበር። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ እጇን ጨበጠች።

ሴትዮዋ የሚሉት ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«የለኝም» አለች።

እኔስ? እኔ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት «በሥራ ላይ በታየ ቸልተኝነት» በሚል አንድ መስመር ተዘጋ፣ ደብዳቤውም በዚያው ቀን እጇ ገባ። ያን ዕለት ሊስትሮ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ያ ትከሻዬ ለብዙ ቀን ታጥቦ የሚጠራ አልመሰለኝም።

ከሥራ ወጥቼ ቤት ስገባ ገና ፀሐይ ነበር። አክስቴ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣለች። እጇን አሽታ አሽታ ከማጠቧ የተነሳ ቀልቷል። ፊት ለፊቷ ትንሽ ሳህን ላይ ያ ቢጫ ጸጉር አለ፣ ጭኗ ላይ ደግሞ ብርድ ልብሱ፣ የተቆረጠው ማዕዘን ወደ እኔ ዞሯል። ለምን ዝም እንዳለች ጠየቅኳት። አሁን ሳስበው እኔ እሷን መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል።

«ስለ ወይኑ ከሆነ የማወራውን ቀድሜ አውርቻለሁ» አለችኝ። «ስለ ጨርቁ የምታወሪው አንቺ ነሽ።»

ዓይኔን ወደ ቢጫው ጸጉር መለስኩ።

«የወንድሜ ልጅ ነሽ፣ አልጥልሽም። ግን አስጠላሽኝ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ተነሥታ ምግቤን አቀረበች። ሳህኑን እጅ በእጅ አልሰጠችኝም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «አሁን አንሺው» አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ብርድ ልብሱን በብብቴ ይዤ የእርሻው ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ሴትዮዋ አላመነችኝም፤ ለአክስትሽ ብለሽ ነው አለችኝ፣ አልፈረድኩባትም፣ ሰው ለዘመዱ ይዋሻል። የቀረኝ ነገር ስትሮ ብቻ ነበር። ከእርሻው በዚያ ጠዋት የመጣች አንዲት የብርጭቆ ፍሬ በጭራዋ ይዤ አስቀመጥኩ፤ ከተመለሰው ጭነት ውስጥ ደግሞ ገና ያልፈረሰች አንዲት ፈልጌ አጠገቧ አኖርኩ። ውሃ ጠብ አደረግኩባቸው። በአንደኛዋ ላይ ጠብታው ተቀመጠ፣ በሌላዋ ላይ ተለጠፈ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ አዲሷን ፍሬ በራሷ መሐረብ ወለወለቻትና ስትሮውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ጠብታው ተለጠፈ።

ሊስትሮ ተጠርቶ ገባ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ፍሬዎቹን እያየ ወይን ወይን ነው አለ። ተባረረ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አልተባረረም፤ ወደ ሽያጭ ቢሮ ተዛወረ፣ ከቀድሞው የበለጠ ትልቅ የመስታወት ጠረጴዛ ሰጡት። እኔ የሠራሁትን ጽፌ ፈረምኩ። ለቀማው እስኪያልቅ የብስባሽ ጉድጓዱ ላይ እንድሠራ፣ ከዚያ እንድሰናበት ተወሰነ። አክስቴ ወደ ሰባት ቁጥር ተመለሰች፣ ውልወላውም ቀረ።

የብስባሽ ጉድጓዱ ከአዳራሹ ጀርባ ነው። የወደቀው፣ የፈነዳው፣ የሻገተው ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ የራሴን ብርጭቆ በአካፋ መገልበጥ ነበር። ከሥሩ ትል ይንቀሳቀሳል፣ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል፣ ዝንቡ አፍ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ሽታው አጥወለወለኝ። ቆይቶ ያጥወለወለኝ መልመዴ ነው። ጓንቱን አውልቄ እጄን ሳሸተው የእኔ ሽታ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አክስቴ ቤት ውስጥ ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋልሽ ትለኛለች፣ ሌላ የለም። ሳህኑ ለሁለት ወር ያህል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠልኝ፣ እኔም አነሣሁት።

ጡረታ የወጣችበት ቀን አዳራሹ ውስጥ ስብሰባ ነበር። ከሽያጭ ቢሮ መጥቶ ንግግር ያደረገው ማን ይመስላችኋል? ሊስትሮ ነው። ሲናገር ምራቁ እየረጨ አመሰገናት፣ ተሰብሳቢውም አጨበጨበ። እኔ ከጓሮ ሆኜ ጭብጨባውን ሰማሁ፣ አካፋዬን አላቆምኩም።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ። አክስቴ ናት፣ ደህናውን ጫማዋን አድርጋ፣ ጭቃውን እየመረጠች መጣች። በቀኝ እጇ አንድ ዘለላ ብርጭቆ በጭራዋ አንጠልጥላለች፤ የወቅቱ የመጨረሻዋ ሳትሆን አትቀርም። ጉድጓዱ ዳር ቆመች። ዘለላውን የምታስቀምጥበት ጠረጴዛ አልነበረም፣ ድንጋይ እንኳ አልነበረም፣ ዙሪያችን ብስባሽ ብቻ ነው።

«ያዢው» አለችኝ።

«እጄ ቆሻሻ ነው።»

«ጭራዋን አይደል የምትይዢው?»

ጓንቴን አወለቅኩ። ሁለት ጣቶቼን በቀሚሴ የውስጥ ጠርዝ ጠረግኩ፣ እንደገና ጠረግኩ። እሷ ጣቶቿን ወደ ጭራዋ ጫፍ ከፍ አደረገችና ቦታ ለቀቀችልኝ። ከጣቶቿ ሥር ያዝኩ። ጣቶቻችን ተነካኩ፣ ሽታዬም ሳይደርሳት አልቀረም፣ ፊቷን ግን አላዞረችም። ጎንበስ ብላ ዘለላውን ከግራም ከቀኝም አየችው። አመዷ እንዳለ ነበር፣ አንድም የጣት ምልክት የለበትም።

ከዚያ ለቀቀችው።